አውሮፕላኑ ለማይመጣበት ቀን ጓዝ መሸከፍ



የዛሬው ርዕሳችን ሻንጣ ነው። በዚህ ሙያ የሲያትል ሐበሻን የሚበልጥ ያለ አይመስለኝም። አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ የጉዞውን ዋዜማ ሻንጣ ታቅፎ ሚዛን ላይ ሲወጣና ሲወርድ ያመሻል። 23 ኪሎ ከተፈቀደ 23ቱንም እንጨርሳለን። ሻንጣው እምቢ ያለውን ጃኬት በሙቀት እንለብሰዋለን፤ የጫማው ውስጥ ባዶ እንዳይሄድ ቪታሚን እንጠቀጥቅበታለን። የሰው አደራ አለብንና ይህ የሚያስነቅፈን አይደለም። በመጪው ሐምሌ አላስካ ውስጥ መኪና የማይደርስበት ሎጅ ለመሄድ የተመዘገባችሁትን ግን፣ ይህን ሙያችሁን እዚሁ ቤታችሁ ትታችሁት እንድትነሡ ልለምናችሁ ነው የመጣሁት።

የምትሄዱበት ካትማይ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከዚህ አንኮሬጅ ድረስ በትልቅ አውሮፕላን ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከአንኮሬጅ ወደ ደቡብ ምዕራብ 290 ማይል ያህል ርቃ ኪንግ ሳልሞን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ሁለቱን የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። ከኪንግ ሳልሞን ወደ ብሩክስ ካምፕ የሚያደርሳችሁ ደግሞ ከውሃ ተነሥቶ ውሃ ላይ የሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው። አካባቢውን ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1912 ኖቫሩፕታ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ነው፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከታዩት ፍንዳታዎች ትልቁ እሱ ነበር። በ1918 በመንግሥት ተከለለ፣ በ1980 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። እኔን የሚገርመኝ ግን የካምፑ አጀማመር ነው። ብሩክስን በ1950 የከፈተው ሬይ ፒተርሰን ሲሆን፣ ኖርዘርን ኮንሶሊዴትድ የሚባለውን አየር መንገድ የሚመራ ሰው ነበር። ዓሣ አጥማጆች የሚያድሩበት ቦታ ካለ አውሮፕላኖቹ ተሳፋሪ አያጡም። ስለዚህ እዚያ አገር አውሮፕላኑ ለሎጁ አልመጣም፤ ሎጁ ነው ለአውሮፕላኑ የመጣው። ጓዛችሁም በዚሁ ቅደም ተከተል ይታሰብ።

አውሮፕላኑ ምናልባት ዲ ሃቪላንድ ቢቨር ይሆናል። ካናዳ ውስጥ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረ፣ ምርቱም በ1967 የቆመ ነው። አፍንጫው ላይ 450 የፈረስ ጉልበት ያለው አንድ ሞተር አለው፤ ከአብራሪው ሌላ ስድስት ሰው ቢጭን ነው። አዎ፣ የምትሳፈሩበት አውሮፕላን በዕድሜ ከብዙዎቻችሁ ይበልጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ በጀመረባቸው ዳኮታ አውሮፕላኖች ክፍለ ሀገር ሣር ሜዳ ላይ ያረፋችሁ አባቶች ካላችሁ፣ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም። ልዩነቱ ሣሩ ውሃ መሆኑ ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት ግን ሻንጣችሁን የሚመለከት ነው። ጎማ መሬት ላይ ይንከባለላል። የዚህ አውሮፕላን እግሮች ግን ሁለት ረጃጅም ተንሳፋፊዎች ስለሆኑ ፍጥነት የሚያገኙት ውሃውን እየገፉ ነው። መጀመሪያ አፍንጫው ሽቅብ ይነሣል፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ ውሃው ግራና ቀኝ ይረጫል። ቀስ በቀስ ተንሳፋፊዎቹ ከውሃው ብቅ ብለው በላዩ መንሸራተት ሲጀምሩ ነው የመነሣት ተስፋ የሚኖረው። ሐይቁ መስተዋት የሚመስልበት ጸጥ ያለ ጠዋት ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ለአብራሪው ግን ከባድ ቀን ነው። ትንሽ ሞገድ ሲኖር ከተንሳፋፊው ሥር አየር ይገባና ውሃው ቶሎ ይለቃል፤ ጸጥ ሲል ግን ይዞ ያስቀራል። እያንዳንዷ ትርፍ ኪሎ ይህን ትግል ታስረዝመዋለች። ሐይቁ ደግሞ ዳር አለው።

ብዙ ሎጆች ለአንድ ሰው 50 ፓውንድ ይፈቅዳሉ፤ ከዚያ በታች የሚሉም አሉ። ያቺው የምናውቃት 23 ኪሎ መሆኗን አይታችሁ እንዳትደሰቱ። ብዙ ጊዜ የእጅ ቦርሳውን፣ ካሜራውንና የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ጨምራ ነው። ዕቃ የሚገባበት ቦታ ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለ ጠባብና ቅርጹ ያልተስተካከለ ጥግ ነው። ባዶውን አራት አምስት ኪሎ የሚመዝነው ባለ ጎማው ጠንካራ ሻንጣ እዚያ አይታጠፍም፣ አይጨመቅም፤ አብራሪው አይቶት ኪንግ ሳልሞን ቢያስቀረው አትቀየሙት። ለስላሳ የጨርቅ ቦርሳ ያዙ። ከአንድ ትልቅ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ይሻላል፤ አብራሪው አንዱን ወደፊት አንዱን ወደኋላ እያደረገ የአውሮፕላኑን ሚዛን ይጠብቅበታል። ቦርሳው ውሃ የሚያስገባ ከሆነ ልብሱን በወፍራም የቆሻሻ ከረጢት ጠቅልሉት። ርካሽ ነው፣ ይሠራል።

እናንተም ትመዘናላችሁ። ወይ ሚዛን ላይ ትቆማላችሁ፣ ወይ በጆሮአችሁ ጠጋ ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ይኖራል። በባህላችን የሰው ክብደት በአደባባይ አይጠየቅም። ቢጠየቅም ሴቱ ዝም ይላል፣ ወንዱ ደግሞ በሃያ አምስት ዓመቱ የነበረውን ቁጥር ይናገራል። እዚህ ግን አብራሪው ቁጥሩን ደምሮ ነው ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው። ባልና ሚስት ተለያይተው ቢቀመጡ ሒሳቡ ነው። ከባዱን ጃኬት ለብሼ ልለፍ የምትሉትም ተስፋ ቁረጡ፤ ሚዛኑ ላይ የምትወጡት ከነጃኬታችሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ካትማይ ያለበት የአላስካ ልሳነ ምድር በቤሪንግ ባሕርና በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል የተዘረጋ ቀጭን መሬት ነው። ከሁለቱም ወገን እርጥብ አየር ይመጣል። ጉሙ ሲወርድ ተራራውም ሐይቁም አይታይም። እነዚህ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚበርሩት ደግሞ በአብራሪው ዓይን ነው፤ መሬቱ ካልታየ አይነሡም። መዘግየቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ አንድ ቀን ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ ጉዞ የሚደውልልኝ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ሱሪ ልያዝ?» ብሎ ነው። ሁለት፤ አንዱን ለብሳችሁ አንዱን ይዛችሁ። አልጋው፣ አንሶላው፣ ፎጣው፣ ምግቡ እዚያ አለ። እዚያ የሌለው የደም ግፊት መድኃኒታችሁ ነው። ፋርማሲ የለም። መነጽራችሁ ቢሰበር የሚሠራው የለም። እኔ እንደማስበው ጓዝ መሸከፍ ያለበት ለቆይታው ሳይሆን አውሮፕላኑ ለማይመጣበት ቀን ነው። የቆይታውን ነገር ሎጁ አስቦበታል።

ይህን የምለው ለጤናችሁ ብቻ አይደለም። አንድ ተሳፋሪ ሐይቁ ዳር ቆሞ እጁ ላይ የቀረችውን የመጨረሻ የስኳር መድኃኒት ይቆጥራል። ሌላው የማታ በረራ ስላለው ሰዓቱን ያያል። ሦስተኛው ሰኞ ጠዋት ሥራ ካልገባ አለቃው ይቆጣል። ሦስቱም አንድ ላይ አብራሪውን ያዩታል። «ትንሽ እኮ ገለጥ ብሏል» ይሉታል። አብራሪ ሰው ነው፤ ሰው ፊት እምቢ ማለት ይከብደዋል። በትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ከደረሱት አደጋዎች ጥቂት የማይባሉት የጀመሩት ሞተር ሲበላሽ ሳይሆን፣ ዛሬ የግድ መድረስ አለብን ብሎ የተጣደፈ ሰው ጉም ውስጥ ሲገባ ነው። አራት አምስት ቀን የሚያቆይ ትርፍ መድኃኒት የያዘ፣ ከአንኮሬጅ ወደ ሲያትል የሚመለስበትን ትኬት አንድ ቀን አሳልፎ የቆረጠ፣ ለአለቃውም አስቀድሞ የነገረ ሰው ግን «ነገ ይሁን» ማለት ይችላል። ለአብራሪው ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ሁለት መቶ ግራም የማይሞላ ክኒን የሁላችሁንም ነፍስ ይጠብቃል።

ስለዚህ አንድ ትንሽ ቦርሳ ከእጃችሁ አትለይ። ትልቁ ጓዝ በሚቀጥለው በረራ ሊከተላችሁ ይችላል፤ ያቺ ቦርሳ ግን ጉልበታችሁ ላይ ትቀመጥ። መድኃኒቱ ፋርማሲው በሰጣችሁ ዕቃ እንዳለ ይሁን። ኢንሱሊን የምትወስዱ እንዳይሞቅም እንዳይቀዘቅዝም ጠቅልሉት፤ ማቀዝቀዣ ማግኘታችሁንም አስቀድማችሁ ሎጁን ጠይቁ። ትርፍ መነጽር፣ ቅያሪ የውስጥ ልብስ፣ የሱፍ ሹራብ፣ የዝናብ ጃኬት፣ ፓወር ባንክ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ። በቃ።

በነገራችን ላይ እዚያ አገር ይህን ነገር ሕግ አድርገውታል። ለዓመታት ጸንቶ የቆየው የአላስካ ሕግ አብራሪው በበጋ ምን ይዞ መነሣት እንዳለበት ይዘረዝር ነበር፦ ለተሳፋሪ ሁሉ የአንድ ሳምንት ስንቅ፣ መጥረቢያ፣ ቢላዋ፣ እሳት ማቀጣጠያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን፣ የዓሣ መንጠቆና ክር፣ በጭስ ወይም በብርሃን ምልክት መስጫ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ደግሞ ፊት የሚሸፍን የትንኝ መረብ። የትንኝ መረብ በሕግ የታዘዘበት አገር ስለ ትንኙ ብዙ ይነግራችኋል።

እንግዲህ ስለ ትንኙ። ከትንኝ ሌላ ጥቃቅን ነካሽ ዝንቦችም አሉ፤ እነሱ ቆዳ ይቦጭቃሉ። መረቡን ከነባርኔጣው ያዙ፤ ክብደት የለውም። ዲት የሚባል ኬሚካል ያለበት መከላከያ ቅባት ይሠራል፤ ነገር ግን ፕላስቲክ ያሟሟል፤ የሰዓት ማሰሪያችሁንና የመነጽራችሁን ፍሬም ይበላዋል። የቀባችሁበትን እጅ ሳትታጠቡ ካሜራ አትንኩ። ጥቁርና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ልብስ ትንኝ ይጠራልና ፈዘዝ ያለ ቀለም ይሻላል።

ስለ ልብስ፣ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሐምሌ ማለት ዝናብና ብርድ መሆኑን ለማመን አይቸገርም፤ አሜሪካ የተወለዱት ልጆቻችሁ ናቸው ቁምጣ የሚሸክፉት። ካትማይ ቀኑ 17 ወይም 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ ጥሩ ዋለ ይባላል። ዋናው ጠላት ርጥበት ነው። ጥጥ ሙቀት የሚይዘው በክሮቹ መካከል ባለው አየር ነው፤ ሲርስ ያ አየር በውሃ ይተካና ልብሱ ከገላችሁ ሙቀት መስረቅ ይጀምራል። ስለዚህ ጂንስ ይቅር። ጋቢም ይቅር ስላችሁ እንደምትቆጡኝ አውቃለሁ። እሳት ዳር ለመቀመጥ ጋቢን የሚያህል የለም፤ ግን አራት ድርብ ጥጥ ነው፣ ክብደቱን ታውቁታላችሁ፣ ከራሰ ደግሞ በዚያ እርጥብ አየር ቶሎ አይደርቅም። የመንዝ ሰው ብርዱን በበግ ጠጉር ባና የሚመክተው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሱፍ ረጥቦም ይሞቃል። ከገላ የሚገናኘው ስስ የሱፍ ካናቴራ፣ በላዩ ሹራብ፣ ከዚያ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ ይሁን። ሱሪውን አትርሱ፤ ሁሉም ጃኬቱን ይዞ ሱሪውን ይረሳል።

ጫማ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦት ነው። ከአውሮፕላኑ ወደ ዳርቻው ስትወርዱ ውሃ መርገጥ ሊኖር ይችላል። የአላስካ ሰዎች ኤክስትራተፍ የሚባለውን ቡናማ ቦት ለቤተ ክርስቲያንም ለሠርግም ያደርጉታል ይባላል፤ እናንተም ብታደርጉት የሚያፍርባችሁ የለም።

አሁን ድቡ። በካትማይ ከ2,000 በላይ ቡናማ ድቦች አሉ። በሐምሌ ሳልሞን ወንዙን ሽቅብ ሲወጣ ብሩክስ ፏፏቴ ላይ ተደርድረው ዓሣውን በአየር ላይ ይቀልቡታል፤ እናንተም ይህን ለማየት ነው የምትሄዱት። በመከር ሕዝቡ በኢንተርኔት ድምፅ እየሰጠ ወፍራሙን ድብ የሚመርጥበት ውድድርም ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ የሚካሄደው በእነዚሁ ድቦች ነው። እንደደረሳችሁ የፓርኩ ጠባቂዎች ስለ ድብ ትምህርት ይሰጧችኋል፤ ሳትማሩ መንቀሳቀስ የለም። ከድብ 50 ያርድ መራቅ ግዴታ ነው።

ከጓዝ አንፃር ግን ጉዳዩ ሽታ ነው። እዚህ ላይ ከሌላው ጎብኚ ይልቅ እኛ መጠንቀቅ አለብን። ዳቦ ቆሎ በኪስ፣ ጭኮ በቦርሳ፣ በርበሬ በላስቲክ፣ ቅቤ በፀጉር፤ ይህ ሁሉ ለድብ አፍንጫ ግብዣ ነው። ብሩክስ ውስጥ ምግብ የሚበላውና የሚቀመጠው በተፈቀደለት ቦታ ብቻ ነው፤ ወደ ፏፏቴው በሚወስደው መንገድ ከውሃ በቀር የሚበላም የሚጠጣም አይያዝም። ድብ አንድ ጊዜ የሰው ምግብ ከቀመሰ ሰው ባለበት መዞር ይጀምራል፤ መጨረሻው ብዙ ጊዜ በጥይት መገደል ነው። የአንድ ቦርሳ ቆሎ ዋጋው ይህ ነው። የቡና ረከቦታችሁን፣ ጥሬውን ቡናና ዕጣኑን እዚሁ ተዉት። በእንጨት ጎጆ ውስጥ ከሰል አያይዞ ዕጣን የሚያጨስ እንግዳ ድቡንም የሎጁን ባለቤትም አንድ ላይ ነው የሚጠራው። ቡና እዚያ አለ። አይጥማችሁም፤ ቻሉት።

ሽታ የሌለው ሳሙናና ቅባት ያዙ። የድብ መከላከያ ስፕሬይ መግዛት ለምትፈልጉ፣ የሚያቃጥለው ነገር የሚጥሚጣው ያው ንጥረ ነገር ነው። ከዚህ ግን ይዛችሁ መሄድ አትችሉም፤ በንግድ አውሮፕላን ውስጥ በእጅ ቦርሳም በሚጫነው ሻንጣም ክልክል ነው። ካስፈለገ ኪንግ ሳልሞን ደርሳችሁ ፈልጉ፤ ለአብራሪውም ሳትሳፈሩ ንገሩት። በተንሳፋፊው እግር ውስጥ መክደኛ ባለው ዕቃ ማስቀመጫ ያኖርላችኋል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ቢፈነዳ አብራሪው ዓይኑን አይገልጥም።

የምግብ ነገር ከተነሣ፦ ወደ ብሩክስ የሚመጣው ሁሉ በአየር ወይም በጀልባ ነው፤ ወጥ ቤቱ ገበያ ወጥቶ ምስር አያመጣላችሁም። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ ጉዟችሁ በመካከል ነው። ረቡዕና ዓርብ ግን አለ። ጿሚዎች ከሳምንታት በፊት ለሎጁ ጻፉ፤ «ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሥጋ የለበትም» ብላችሁ ዘርዝሩት። ጾም ነው ብቻ ብትሉ አይገባቸውም። ሙስሊም ወንድሞችና እኅቶችም ስለ ሥጋው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ዓሣ እንደሆነ አይጠፋም።

የቀረውን በችኮላ ልጥራው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ የዓይን መሸፈኛ ያዙ። የሞተሩ ጩኸት ከባድ ነው፤ የጆሮ ማፈኛ ያዙ። ጥሬ ገንዘብ ለቲፕ ከአንኮሬጅ አውጡ። ስልኩ ላይሠራ ይችላልና ትኬታችሁንና የሎጁን ደብዳቤ በወረቀት አትሙት። ዓሣ የምታጠምዱ፣ ዕድሜያችሁ 16 ከሞላ የአላስካ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል።

ስትመለሱ ደግሞ ዓሣ ይኖራል። እዚያው ያለው የብሪስቶል ቤይ አካባቢ በዓለም ትልቁ የቀይ ሳልሞን መገኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የገባው ዓሣ ከ70 ሚሊዮን በላይ ነበር። ባታጠምዱም አንኮሬጅ ላይ ትገዛላችሁ፤ ሐበሻ ባዶ እጁን አይመለስም። የበረደ ዓሣ በሣጥን 50 ፓውንድ ድረስ ታሽጎ እንደ ሻንጣ ይጫናል። እዚያ ላይ የድሮው ሙያችሁ ይመለስላችሁ፤ ከአንኮሬጅ በኋላ አውሮፕላኑ ጎማ አለው።

የቦቱና የዝናብ ልብሱ ናሙና በስተቀኝ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሻንጣ መመዘኛውም አጠገቡ አለ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ማንም ክብደቱን አይጠየቅም።